የሾኔ ውጤቶች

ሳባ በሆሳዕና ከተማ ባለ አንድ የግል ላቦራቶሪ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ናሙና ከዱራሜም ከሾኔም ይመጣል፤ ውጤቱ ደግሞ በድረ ገጹ በኩል ወደየቅርንጫፉ ይላካል። ሰኔ መግቢያ ላይ አሮጌውን ሰርቨር አንሥታ አዲሱን የተከለችው እሷው ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር አንዲት ማስጠንቀቂያ ትወጣለች፦ አንድ ቫሪያብል፣ ማለትም ሰርቨሩ ዋጋውን ከሌላ ቦታ የሚያነበው ስም፣ አልተገለጸም የምትል። ሳባ ደጋግማ አይታታለች። ግን ገጹ ይከፈታል፤ ከዱራሜም ስሞታ የለም። «ማስጠንቀቂያ እንጂ ስሕተት አይደለም» ብላ አለፈቻት። ሥራም በዝቶባት ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጴጥሮስ የሚባል ሰው በጠዋት ሚኒባስ ከሾኔ መጣ። የባለቤቱን የሰብሌን ውጤት ፈልጎ ነው፤ ጡቷ ላይ ካለው እብጠት ሰኔ ላይ ናሙና ተወስዶ ነበር።

«ሾኔ ያሉት ‹ክፉ ነገር ከተገኘ እንደውላለን› ብለውን ነበር፣ እህቴ» አላት። «ሳይደውሉ ሲቀሩ ደስ ብሎን ተቀመጥን። አሁን ግን እብጠቱ ጨመረ።»

ሳባ መዝገቡን ብታየው «ተልኳል» ይላል። ሾኔ ደወለች፤ አልደረሰንም፤ ካልመጣ ደህና ነው ብለን ነበር አሏት። ያኔ ያቺን ማስጠንቀቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል አነበበቻት። የሾኔ ውጤቶች የት እንደሚቀመጡ የምትናገር አንዲት መስመር አሮጌው ሰርቨር ላይ ቀርታለች። አዲሱ ሰርቨር ቦታውን ሲያጣ የቫሪያብሉን ስም ራሱን እንደ ፎልደር ስም ወስዶ እዚያ ሲያጠራቅም ከርሟል። ፎልደሩን ከፈተችው። ስልሳ ሦስት ውጤት። የሰብሌ አሥራ አንደኛው ነበር።

ሐኪም ባትሆንም የውጤቱን የመጨረሻ መስመር፣ «ካንሰር» የምትለውን፣ ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ወረቀቱን አትማ ለዶክተር ታዴዎስ ወሰደችለት። አንብቦ መነጽሩን አወለቀና «ሰውየውን አስገቢው» አላት።

የጎደለችውን መስመር አዲሱ ሰርቨር ላይ መጻፍ አራት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ጠና ጉዳዩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «የኔትወርክ ችግር ነበር እንበላቸው» አላት። ሳባ ትታው ወጣች። ጴጥሮስን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አገኘችውና የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«ማስጠንቀቂያውን አይተሽው ነበር?»

«አዎ። በየጊዜው አየው ነበር።»

«ቤት ገብቼ ምን እላታለሁ?» አለ ጴጥሮስ። «እኔ አልችልም። አንቺ ንገሪያት።»

አብራው ወደ ሾኔ ሄደች። ሰብሌ ደጅ ላይ በርበሬ አስጥታ ነበር፤ ባሏን ከማታውቃት ሴት ጋር ስታይ ፈገግ ብላ በርጩማ አወጣችላት። ሳባ ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረቻት።

ሰብሌ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ሐምሌ ላይ ጉባኤው ፊት ቆሜ መሰከርኩ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ጌታ ፈወሰኝ ብዬ። ሰው ሁሉ እልል አለልኝ።»

ሰብሌ መስከረም ላይ አዲስ አበባ ሕክምና ጀመረች። በሽታው ወደ ሳንባዋ አልፏል አሏት። ሳባ ዶክተር ታዴዎስን ሰኔ ላይ ቢታወቅ ኖሮ ትድን እንደ ነበር ጠየቀችው።

«ማንም አያውቅም» አላት። ሳባን ያላስተኛት ይኸው መልስ ነበር።