የቫሌር ብስክሌት

ከንቲባው ስኳር ያልጨመረበትን ቡና ማማሰል አላቆመም። ማንኪያው ከሲኒው ጋር ሲጋጭ የሚያሰማው ድምፅ ጎደሊቭን አበገናት። ምን ሊላት እንደመጣ ታውቃለች። እምቢ ሊል የመጣ ሰው ዓይኑን ሲኒ ውስጥ ይጥላል።

«ነፍስ ይማር፣ ወይዘሮ ጎደሊቭ» አለ በመጨረሻ። «ባለቤትዎ ኦመር ለመንደራችን ትልቅ ሰው ነበሩ።»

«ብስክሌት ጠጋኝ ነበር» አለች። «እሱን ተወውና ጥያቄዬን መልስልኝ።»

ኦመር ከግድግዳው ማዶ፣ የእንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሳጥኑ ውስጥ ተጋድሟል። መንደርተኛው በጓሮ በር እየገባ፣ እሱን እያየ፣ እጇን እየጨበጠ፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ቡናና የዘቢብ ዳቦ እየቀመሰ ይወጣል። ሬሳ እቤት ማቆየት ከቀረ ቆይቷል። ልጇ ካትሬን «እማዬ፣ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ቤት እኮ አለ፤ ማቀዝቀዣውም፣ አበባውም፣ ሁሉም እዚያው ነው» ብላት ነበር። «አባትሽ ከቤቱ ውጭ አድሮ አያውቅም፤ ዛሬ ሊጀምር ነው?» አለቻትና ነገሩ በዚሁ አበቃ።

ከንቲባው ዮሪስ ማንኪያውን አስቀመጠ። «የአደባባዩ ሐውልት ላይ ስም መጨመር በእኔ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ምክር ቤት አለ። ድንጋዩ በጦርነቱ ለሞቱት ነው የቆመው። የኦመር ወንድም ቫሌር ደግሞ የሞተው ጦርነቱ ካበቃ ከስንት ዘመን በኋላ ነው።»

«በምን ሞተ?»

«እሱማ...»

«በምን ሞተ፣ ዮሪስ?»

«በመድፍ ጥይት።»

«ከየት የመጣ ጥይት? ከጓሮዬ የበቀለ ነው?»

ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ሲሪል ዳቦው ትን ሊለው ምንም አልቀረው። ሲሪል የኦመር የዕድሜ ልክ የብስክሌት ጓደኛ ነው፤ ጉልበቱ ከድቶታል፣ ምላሱ ግን እንደተሳለ ነው። «ለፈረስ እንኳ ሐውልት አቁማችኋል» አለ አፉን እየጠረገ። «ያ ድልድዩ ጋ ያለው የነሐስ ፈረስ፣ ስሙ ሳይቀር ተጽፎለታል። ምነው ለቫሌርም እግዜር ጭራ በሰጠው!»

የከንቲባው ጆሮ ቀላ። ዮሪስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጎደሊቭም ይህን አትክድም። የመጀመሪያ ብስክሌቱን የገጣጠመለት ኦመር ነው፤ ኮርቻውን ይዞ እየሮጠ ያስተማረውም እሱ ነው። ግን ከጦርነቱ መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ወዲህ ድንጋዩ ታጥቦ፣ ዙሪያው አበባ ተተክሎ፣ እንግዳ በአውቶቡስ ሲጎርፍ፣ ሰውዬው ድንጋዩን እንደ ሙሽራ ይጠብቀው ጀመር።

«አንዱን ከፈቀድኩ ማቆሚያ የለውም» አለ። «በአሮጌ ጥይት ሰው ያልሞተበት ቤት የት አለና ነው?»

«እኔም የምልህ እኮ እሱኑ ነው!» አለች ጎደሊቭ።

ዮሪስ ተነሣ። ኮቱን አነሣ። «ድንጋዩ ላይ አይሆንም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ ጎደሊቭ።»

«እሺ» አለች።

እዚያው ቡና ስትቀዳ የነበረችው ካትሬን ደነገጠች። እናቷ በሕይወት ዘመኗ «እሺ» ስትል የሰማችው ስንቴ ነው? «እማዬ፣ ምን አስበሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻት ከንቲባው በሩን ዘግቶ ሲወጣ። ጎደሊቭ ለሚቀጥሉት እንግዶች ዳቦ መቁረጥ ያዘች።

የኦመርን እሑድ የማያውቅ የለም። እሱ በሕይወት ሳለ፣ ከቁርስ በኋላ ሽማግሌ የብስክሌት ጓደኞቹ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሰብስበው ወደ ሜዳው ይወጡ ነበር፤ በድንች ማሳዎቹ መሐል በምትጠማዘዘው ጠባብ መንገድ፣ ንፋሱን ተራ በተራ እየጋረዱ፣ ስለ እግራቸውና ስለ ምራቶቻቸው እያማረሩ። ማሳው መሐል ነጫጭ ድንጋይ የተደረደረበት የወታደሮች መቃብር ብቅ ሲል ግን ኦመር እጁን ያነሣል። ያኔ ሁሉም ይወርዳል። ወሬ የለም፣ ደወል የለም፤ አጥሩ እስኪያልቅ ብስክሌቱን እየገፉ በእግር ነው። በዚያ አገር መቃብሩ ብዙ ስለሆነ፣ ከሌላ መንደር የመጣ አንድ ጎረምሳ «ይኼ የብስክሌት ማኅበር ነው ወይስ የእግረኛ?» ብሎ ነበር። ኦመር ዞር ብሎ «ለአንተ ሲሉ ነው መቃብር የወረዱት፤ አንተ ለእነሱ መውረድ ያቅትሃል?» አለው። ጎረምሳው ከዚያ ወዲያ ቀድሞ ወራጅ ሆነ።

ሲመለሱ ሌሎቹ ብስክሌታቸውን ከመጠጥ ቤቱ ግድግዳ አስደግፈው ቢራቸውን ሊጠጡ ይገባሉ። ኦመር ብቻ አደባባዩ ላይ ይቀራል። ሐውልቱ ፊት ለፊት፣ ያችን አሮጌ ጥቁር ብስክሌቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ይቆማል። ሳያስደግፋት፣ ሳያስተኛት። ሲበቃው ይገባል። ጓደኞቹ ጸሎት እያደረሰ ይመስላቸው ነበር።

ጎደሊቭ ግን ታውቃለች። ገና ሲተጫጩ፣ አንድ የበጋ ቀን፣ ሜዳው መንገድ ዳር ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ «ብስክሌቷን ዛፉ ላይ አስደግፋትና ናማ!» ብላ ጠራችው። አልመጣም። ሣቀችበት። «ምነው፣ ከእኔ እሷ በለጠችብህ?»

ያኔ ነው ቆሞ የነገራት። ብስክሌቷ የወንድሙ የቫሌር ነበረች። ቫሌር ዐሥራ አራት፣ ኦመር ስምንት ዓመታቸው ነበር። ገበሬው ሲያርስ የሚያወጣውን፣ ከጦርነቱ የቀረ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ያስቀምጣል፤ የሠራዊቱ መኪና መጥቶ እስኪወስደው ድረስ እዚያው ይቆያል። እናት ሁሉ ልጇን «ከምሰሶው ራቅ!» እያለች ነው የምታሳድገው። የልጅ ነገር! ቫሌር በጥይቱ ወገብ ላይ ያለችውን የመዳብ ቀለበት በመዶሻ አላቅቆ ሊሸጥ ፈለገ፤ የውድድር ብስክሌት መሪ አምሮት ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው። ብስክሌቷ እንዳትጨቀይ ለታናሽ ወንድሙ ሰጣትና «ያዝልኝ፣ አሁን እመጣለሁ» አለው።

ፍንዳታውን ሰምተው አባታቸው ከማሳው እየሮጡ ሲመጡ፣ ኦመር ከራሱ ቁመት የምትበልጠውን ብስክሌት ይዞ እዚያው ቆሟል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቋቸው።

«አላስደገፍኳትም» አላት ለጎደሊቭ፣ እንደ ልጅ። «ያዝ ነዋ ያለኝ።»

ጎደሊቭ ከሣሩ ላይ ተነሥታ አብራው ቆመች። አገባችው። ከዚያ ወዲህ ስንት ከንቲባ ተቀያየረ፤ ኦመር ለሁሉም ያንኑ የሐውልት ጥያቄ አቀረበ፤ ሁሉም ከዮሪስ ባልተናነሰ ትሕትና እምቢ አሉት። እሱ ቂም አልያዘም። እሷ ግን ይዛለታለች።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ መጡ። ጎደሊቭ ቡና ልትቀዳ ጀርባዋን ስትሰጥ የዳቦ ቤቷ ሲዶኒ ወደ ጎረቤቷ ጎንበስ ብላ «ባሏን ሳትቀብር ስለ ዋርሳዋ ትሟገታለች፤ ኀዘን እኮ አእምሮ ይነካል» አለች።

«ሰምቼሻለሁ፣ ሲዶኒ» አለች ጎደሊቭ ሳትዞር። «ዳቦ ድገሚ፤ ሐሜት በባዶ ሆድ አይጥምም።»

ሲዶኒ ደገመች፤ ምን ታድርግ። ጎደሊቭ ደግሞ ሰው ፊት አላለቅስም ብላ ወደ ኦመር መጠገኛ ክፍል ገባች። የጎማ ሽታ፣ የዘይት ሽታ። እሱ ያለው እዚህ ነው እንጂ ያ ሳጥን ውስጥ ያለው ሰውዬ ማን እንደሆነ እንጃ። የቫሌር ብስክሌት መንጠቆ ላይ ተሰቅላለች። ሥሯ መደርደሪያው ላይ አንድ ጣሳ ነጭ ቀለምና ሰፊ ብሩሽ አለ። የጸደይ የብስክሌት ውድድር በመጣ ቁጥር ኦመርና ሲሪል በዚህ ቀለም የተወዳዳሪዎቹን ስም አስፋልት ላይ ይጽፉ ነበር፤ በዚያ አገር ተወዳዳሪ ስሙን ከጎማው ሥር ካላየ ወገን ያለው አይመስለውም።

ሲሪል በሩ ላይ ቆሞ አያት። ጣሳውን አነሣች፣ ነቀነቀችው።

«ደርቋል» አለ።

«አልደረቀም። አንተ ነህ የደረቅከው።»

ሽማግሌው ጣሳውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። «ድንጋዩ የምክር ቤቱ ነው» አለ። «መንገዱ ግን የሁላችንም ነው።»

በቀብሩ ቀን ካትሬን የመኪናውን በር ከፍታ ጠበቀቻት። ጎደሊቭ አልገባችም። ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ የቫሌርን ብስክሌት እየገፋች፣ ጣሳውንና ብሩሹን መሪው ላይ አንጠልጥላ፣ ከሬሳ መኪናው ኋላ ተሰለፈች።

«እማዬ፣ በእግዜር! ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ይበል፤ አባትሽ እንደሆነ አይሰማ።»

«ያስቀጡሻል እኮ!»

«በባሌ ቀብር ቀን? ይሞክሩኛ!»

 ካትሬን የመኪናውን በር ዘጋችና መጥታ እናቷ ጎን ቆመች። ሽማግሌዎቹ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው፣ ብስክሌታቸውን እየገፉ ተከተሉ።

ከንቲባው አደባባዩ ላይ፣ ሐውልቱ ፊት፣ ባለ ሦስት ቀለም የሹመት መታጠቂያውን ትከሻው ላይ አጥልቆ ይጠብቃል። ለኦመር ክብር ነው የመጣው፤ ከልቡም ነው። ጎደሊቭ እሱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሰልፉ ቆመ። የሬሳ መኪናው ሾፌርም በመስታወት አይቶ ቆመ።

«ዮሪስ፣ ይችን ያዝልኝ።»

«ወይዘሮ ጎደሊቭ፣ ምን ሊያደርጉ...»

«ያዝልኝ። አሁን እመጣለሁ።»

የጨዋ ልጅ ነው፤ ሐዘንተኛ ሲሰጠው እንዴት አልቀበልም ይላል? መሪዋን በሁለት እጁ ያዘ። ጎደሊቭ ጣሳውንና ብሩሹን አወረደችና ከሬሳ መኪናው ፊት አልፋ አስፋልቱ መሐል ተንበረከከች። ጉልበቷ ቀጭ ሲል ሰው ሁሉ ሰማው።

«አምጪ፣ እኔ ልጻፈው» አለ ሲሪል።

«ዘወር በል! የአንተ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው።»

ጻፈች። እያንዳንዱን ፊደል የበር ያህል አድርጋ፣ ከሜዳው መንገድ በብስክሌት ለሚመጣ ሰው ቀና ሆኖ እንዲነበብ አድርጋ፣ ቫሌር ብላ ጻፈች።  እያንዳንዱን መሥመር ስትጨርስ በክርኗ ግንባሯን ትጠርጋለች፤ የቀሚሷ ጫፍ በቀለም ነጥቷል።

«መንገድ ላይ መጻፍ እኮ...» ብሎ ዮሪስ ጀመረ።

«ለተወዳዳሪ ይፈቀዳል» አለ ሲሪል። «ባለፈው ጸደይ የእህትህን ልጅ ስም እዚሁ ስንጽፍ ጣሳውን የያዝከው አንተ አይደለህም? ይኼኛውም ልጅ ብስክሌት ይወድ ነበር።»

ዮሪስ የብስክሌቷን መሪ ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ጎደሊቭ በካትሬን እጅ ተደግፋ ተነሣች። ወደ ብስክሌቷ አልተመለሰችም፤ ከሬሳ መኪናው ኋላ ቦታዋን ያዘች። ሾፌሩ ፊደሎቹን እንዳይነካ መሪውን አጥፎ በጎን አለፈ፤ ሽማግሌዎቹም ዳር ዳሩን ሄዱ።

«ወይዘሮ ጎደሊቭ!» ብሎ ተጣራ ዮሪስ። «ብስክሌቷስ?»

«አሁን እመጣለሁ አልኩህ አይደል?»

ቤተ ክርስቲያኑ እዚያው አደባባዩ ጥግ ነው፤ መቃብሩም ከኋላው። ቅዳሴው ረዘመ። ከዚያ ኦመርን አወረዱት፣ አፈር ለበሰ፤ ጎደሊቭ ጥርሷን ነክሳ ቆመች እንጂ አላለቀሰችም። ሲዶኒ መጥታ ስታቅፋት እንኳ አላለቀሰችም።

ለቀብርተኛው ዳቦና ቡና ወደተሰናዳበት አዳራሽ ሲሄዱ በአደባባዩ በኩል ወጡ። ዮሪስ እዚያው ነው። መታጠቂያው ከትከሻው ወርዶ ክርኑ ላይ ተንጠልጥሏል። የመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ከጎኑ ነው፤ ሊያስደግፋት ይችል ነበር። አላስደገፋትም። ብስክሌቷን በሁለት እጁ እንደያዘ ነጩ ስም አጠገብ ቆሞ፣ የሚመጣውን መኪና ሁሉ በአገጩ እየጠቆመ «በዚያ በኩል! ቀለሙ አልደረቀም!» እያለ ያሳልፋል።

ጎደሊቭ ቀረበች። ዮሪስ መሪዋን አልለቀቀም፤ መልቀቅ ይኑርበት አይኑርበት ያላወቀ ይመስል አያት። ቀለም የነካውን እጇን እጁ ላይ አደረገችና ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች።

«መጣሁ» አለች፣ እንባዋም ያኔ መጣ።