ሳያንኳኩ አይገባም

ቁልፍ ሠሪው ያልደፈረው በር አልነበረም፤ የሚፈራው የገዛ ልጁን ጣቶች ነበር። እናቷ ሥራ ስትገባ የአምስት ዓመት ልጁን ከመሣሪያ ሳጥኑ ጋር ይዟት ይዞራል። አንድ ቀን ታዲያ የራሱን መሳቢያ በሽቦ ከፍታ፣ የደበቀውን ከረሜላ ባፏ ሙሉ ይዛ ጠበቀችው። ሳቁ መጣበት፤ ወዲያው ግን ሽቦውን ከእጇ ነጠቀ። እጄን የወረሰች ልጅ ልቤን ባትወርስ ምን ይውጠኛል? ሌባ ላሳድግ ነው?

ከዚያ ወዲህ በየበሩ ስብከት ሆነ። "መክፈት ስለቻልሽ ብቻ አይገባም። ታንኳኪያለሽ፣ ትጠይቂያለሽ፣ ግቢ እስክትባዪ ትቆሚያለሽ።" ልጅቱ ጫማዋን እያየች "እሺ አባዬ" ትላለች። ይህችን እሺ ያውቃታል፤ ጎመን ብዪ ስትባልም የምትላት ናት። በድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ምንም አልቀረው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የአንድ ሕንፃ ጠባቂ እየሮጠ መጣ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ አዋላጅ ከጠዋት ጀምሮ አልታዩም፤ በራቸው ከውስጥ ተቆልፏል፤ ቢደበደብ፣ ቢጮህ መልስ የለም። ቁልፍ ሠሪው ባንድ እጁ ልጁን፣ በሌላው ሳጥኑን አንጠልጥሎ ወጣ። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል። ጠባቂው "ስበረው በቃ!" ይላል፤ አንድ ጎረምሳ ትከሻውን እያሟሟቀ ነው፤ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ "እኔን! እኔን!" እያለች ደረቷን ትደቃለች። ቁልፍ ሠሪው መሰርሰሪያውን አወጣ።

"አባዬ፣ አላንኳኳህም።"

"ዞር በዪልኝ! አሁን የሱ ጊዜ አይደለም!"

አልዞረችም። በእሱና በበሩ መሀል ገብታ ቀስ አድርጋ አንኳኳች።

"እማማ፣ የቁልፍ ሠሪው ልጅ ነኝ። እንግባ ወይስ እንቆይ?"

ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀች። ጠባቂው ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ልብስ ሰፊዋ ክንዱን ያዘችው።

በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የደከመ ድምፅ ወጣ። ልጅቱ ተንበርክካ ጆሮዋን ለጠፈች፤ ሰምታ ስትጨርስም የአባቷን አንገት ስባ አንሾካሾከች። "ገላቸውን ታጥበው ሲወጡ ወደቁ። ልብስ አልለበስኩም፣ ወንድ አይየኝ አሉ።"

ቁልፍ ሠሪው መሰርሰሪያውን መሬት አስቀመጠ። ሴትዮዋ ድብደባውን ሁሉ ሰምተዋል ማለት ነው። የስንቷን እናት ገመና የሸፈኑ ሰው፣ ራቁታቸውን በሰው መንጋ ከመታየት እዚያው መሞትን መርጠው ዝም ብለዋል። እሱ ደግሞ ሊሰረስር ነበር! ወገቡ ጋ እንኳ የማትደርሰውን ልጁን ቁልቁል አያት። እኔ ያልኳት አንኳኪ ነው፤ እንዲህ መስማቱን ከየት አመጣችው? ስብከት ያጠጣት መስሎት ነበር፤ ለካ እሷ ውስጥ የሚያድገውን ነገር ከነጭራሹ አያውቀውም።

"ወንዶች በሙሉ ወደ ታች!" አለ። ጎረምሳው ሳይቀር ወረደ። ልብስ ሰፊዋ ከቤቷ አንሶላ ይዛ መጣች። ቁልፍ ሠሪው ዓይኑን ጨፍኖ ሽቦውን በጣቶቹ ስሜት ብቻ እየመራ ከፈተውና በሩን ገርበብ አድርጎ ጀርባውን ሰጠ። ልብስ ሰፊዋ ልትገባ ስትል ደፉ ላይ ቆም አለች።

"ቤት ለእንግዳ" አለ ከውስጥ የአዋላጇ ድምፅ፣ እየተንቀጠቀጠ፤ ግን የባለቤት ድምፅ ነበር። "ትንሿ ትቅደም፤ አንሶላውን እሷ ታምጣልኝ።"

ልጅቱ አንሶላውን አቅፋ ገባች። አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ አለቀሰ።