የጓድ ጉልላት ሠርቶ ማሳያ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጉልላት ጂን የሚባል ነገር የለም ብሎ ባወጀ በሳምንቱ፣ ጂን ያስወጣሉ የሚባሉትን ሼህ አማንን ሊያስር ተነሣ። የሌለ ነገር ማስወጣት በምን ሕግ እንደሚያስከስስ ብጠይቀው ደስ ባለኝ። ግን ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ መጻፍ እንጂ መጠየቅ አልነበረም።

ሼህ አማን ጉለሌ ውስጥ የታወቁ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሲንገራቸው ጎን አንዲት በርጩማ አለች። ዓይን በላኝ፣ ጂን ነካኝ፣ ልጄ ትባንንብኛለች ያለ ሁሉ እዚያች ላይ ይቀመጣል። ከቁርኣን ፋቲሓውን፣ አያተል ኩርሲውን፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን አጫጭር ሱራዎች ይቀሩለታል፤ እፍ ይሉበታል። የተቀራበትን ውሃ በጠርሙስ ይዞ ይሄዳል። «ሽፋው፣ ፈውሱ፣ ከአላህ ነው» ይላሉ እንጂ የማንንም ስጦታ አይቀበሉም። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔው ወገቡን ይዞ ይመጣል። ጎረቤታችን ሙሉእመቤትም ማተቧን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸግ አድርጋ ትመጣለች፤ ሼኩ እንዳያዩባት መሆኑ ነው።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። የቀረ ሰው የቀበሌ ስኳር ስለማያገኝ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ውሳኔው ከስብሰባው በፊት ተጽፎ አልቋል፤ በእኔው እጅ። «ግለሰቡ ሰፊውን ሕዝብ በአጉል እምነት ስለሚያደነዝዝ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ይላክ።» የቀረው ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ፣ ጓድ ጉልላትም ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ እንዲመታ ብቻ ነበር። ከቀበሌ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው መላክ ምን ማለት እንደሆነ ሼህ አማን ያውቃሉ። ልጃቸው ነስሩ አምና ታኅሣሥ ላይ በዚሁ ሊቀመንበር ፊርማ ተልኮ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የእሱንም ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጓድ ጉልላት ግን ማሰር ብቻ አልበቃውም።

«ጓዶች! ዛሬ ሠርቶ ማሳያ እናደርጋለን!» አለ። «ይህ ድግምት በሳይንሳዊ ሶሻሊዝም በታጠቀ ሰው ላይ ምንም እንደማይሠራ በዓይናችሁ ታያላችሁ። በእኔ ላይ ይቅራ!»

ይህን ሲል ዓይኑ በርበሬ መስሏል። ሚስቱ ብርቅነሽ ለሰፈሩ ሁሉ እንዳወራችው፣ ከዚያ ታኅሣሥ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሲንጎራደድ ነው የሚነጋለት። የሐኪም ክኒንም አላስተኛውም።

ሼህ አማን ቀስ ብለው መድረኩ ላይ ወጡ። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ምንም አያመኝም!» ብሎ ወደ ሕዝቡ ጮኸ።

«እንግዲያው መቅራት አልችልም። በቁርኣን ቀልድ የለም፤ የሚቀራው ለታመመ ሰው ነው።»

ጓድ ጉልላት ወደ ሼኩ ጎንበስ አለ። ከጎኑ ስለተቀመጥኩ ሰማሁት።

«እንቅልፍ አጣሁ፣ አባባ» አለ።

ሼኩ ብዙ አዩት። የሚያዩት ልጃቸውን የላከባቸውን ሰው ነው። እኔ ብሆን እዚያው አንቀው ነበር። እሳቸው ግን ቀኝ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው «ቢስሚላህ» ብለው ጀመሩ።

ሕዝቡ ሊታዘብ አይደል የመጣው? የሠርቶ ማሳያው ወሬ ቀድሞ ወጥቶ ኖሮ፣ ከየነጠላው ሥር ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ብቅ ብቅ አለ፤ ክዳኑ ሁሉ ተከፍቷል። ሸማኔው ወገቡን ወደ መድረኩ አዞረ። አብዮት ጠባቂው አጥናፉ እንኳ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ የሚጠዘጥዘውን ጉልበቱን ወደ ፊት ዘረጋ።

ሼኩ አያተል ኩርሲውን ሳይጨርሱ የጓድ ጉልላት አገጭ ደረቱ ላይ ወደቀ። ወዲያው አንኮራፋ።

በቁርኣኑ ይሁን በድካሙ ብዛት አላውቅም። የማውቀው ውሳኔው ፊቴ እንዳለ፣ ማኅተሙም የተኛው ሰውዬ ኪስ ውስጥ እንደሆነ ነው። ሁሉም እኔን አየ፤ ሊቀመንበር መቀስቀስ የጸሐፊ ሥራ ነዋ! ፈራሁ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ ሌላ ውሳኔ ጻፍኩ። በሹክሹክታ አነበብኩት። ሕዝቡም እንቅልፉን እንዳይረብሽ ድምፅ ሳያሰማ አጨበጨበ።

ጓድ ጉልላት የነቃው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አዳራሹ ባዶ ነው፤ የሼህ አማን ጋቢ ተደርቦለታል።

«ዓምሃ፣ ምን ተወሰነ?» አለኝ።

ወረቀቱን ሰጠሁት። «ሠርቶ ማሳያው አጥጋቢ ውጤት እስኪያስገኝ ድረስ በየእሑዱ እንዲቀጥል፣ ለዚሁም ሲባል ሼህ አማን ከቀበሌው እንዳይርቁ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ጋቢውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገ።

«እንግዲህ ሕዝቡ ከወሰነ ምን ይደረጋል?» አለና ማኅተሙን መታበት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ያን ዕለት እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። የነስሩን ደብዳቤ የጻፍኩበት ወረቀትም ጀርባ ነበረው።