ምላስ ቀቢዋ

ማስተርስ የሚማር ሰው መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ የሚውል ይመስለኝ ነበር። ትዕግስት ግቢያችን ክፍል ተከራይታ እስክትገባ ድረስ ማለት ነው። የሷ ትምህርት ያለው ሰው አፍ ውስጥ ነው። "ቋንቋ ነው የማጠናው" ትላለች እንጂ እኔ ያየሁት ምላስና ላንቃ ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የከሰል ዱቄት በወይራ ዘይት ይበጠበጣል። የምታጠናውን የአካባቢያችንን ጉራጊኛ፣ መስቃንኛ የሚናገረው ሰው ምላሱን ያወጣል፣ እኔ በብሩሽ አጠቁርለታለሁ። ከዚያ አንዲት ቃል ብቻ ይላል። ምላሱ ላንቃውን የነካበት ቦታ ላይ ከሰሉ ይታተማል። አፉን እንደከፈተ ትንሽ መስታወት እናስገባለታለን፣ ትዕግስት በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። እያቅለሸለሸው ከሚሸሸው ሰው ጋር የምታገለው እኔ ነኝ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት በቃኝ ያልኩት ልጅ ይኸው የማስተርስ ምላስ ቀቢ ሆንኩ!

ያን ቀን የቀሩን እማ ሳሌሃ ብቻ ነበሩ። ቡታጅራ ገበያ ከቆሼ ከተማ የሚመጣ በርበሬ ይሸጣሉ፤ አፋቸው ከበርበሬያቸው ይብሳል። ትዕግስት በማግስቱ ጠዋት ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲዋ ሄዳ ፎቶዎቹን ለአማካሪዋ ማሳየት ነበረባት። "የአንድ ሰው ቢጎድል ዘንድሮ መመረቅ የለም" ብሏታል። ስለዚህ ጥፍሯን ስትበላ ነው የዋለችው።

እማ ሳሌሃ ግን ጨዋታ ላይ ነበሩ።

"አንቺ ቤዛ፣ ግድግዳ ነው እንዴ የምትቀቢው? ቀስ!"

"ምላስዎ ረጅም ሆኖ እኮ ነው እማ፣ ቀለም አልበቃ አለኝ።"

"አፈር ብዪ!" ብለው ሲስቁ ከሰሉ አገጫቸው ላይ ተንጠባጠበ።

ልንጨርስ ትንሽ ሲቀረን የግቢው በር ተበርግዶ ተከፈተ። ጀማሉ ነው፣ ልጃቸው። ባጃጅ ይነዳል። ሌላ ቀን ከበሩ ላይ "አሰላሙ አለይኩም" ሳይል እግሩን አያስገባም፣ እኛ ጴንጤዎቹ ጋ እንኳ። ያን ቀን ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ከኋላው ጓደኞቹ፣ ከነሱ ኋላ ጎረቤታችን ፋንቱ አንገቷን አስግጋ። በበሩ ቀዳዳ አጮልቃ አይታ የደወለችለት እሷ እንደሆነች ገባኝ።

ጀማሉ እናቱን አየ። ጥርስ፣ ከንፈር፣ አገጭ፣ ሁሉ ጥቁር። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የዘይት ጠርሙስ አየ።

እኛ ቤት ረቡዕ ረቡዕ ጸሎት አለ። የታመመ ሰው ግንባሩን የወይራ ዘይት እየተቀባ ይጸለይለታል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይሄኛውን ግን ትዕግስት ከመድኃኒት ቤት ነው የገዛችው። ጠርሙስ ደግሞ አፍ የለው፣ አያስረዳ።

"እናቴን ዘይት ቀባችኋት?" አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

"ጀማሉ፣ ለትምህርት ነው፣ ምላሳቸውን..." ትዕግስት ጀመረች።

"በዘይት የምን ትምህርት አለ? ሃይማኖቷን ልታስለውጧት ነው!"

"ቅብዓት ነው፣ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት" አለች ፋንቱ።

"በቀዳዳ ሲታይ ሁሉም ነገር ቅብዓት ይመስላል" አልኳት። አፌ አንዳንዴ ያመልጠኛል። ከጓደኞቹ አንዱ ሊስቅ ሲል ጀማሉ ዞሮ አየው፤ ሳቁን ዋጠ።

እማ ሳሌሃ ሊናገሩ ሲሉ ትንታ ያዛቸው። ጥቁር ምራቅ ቀሚሳቸው ላይ ወረደ። ይባስ ብሎ! በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው "ኧረ ጉድ!" አለ። ውሃ ላመጣ ሮጥኩ።

ስመለስ ጀማሉ የትዕግስትን ስልክ ቀምቷታል።

"እናቴ እዚህ ውስጥ አለች?"

"አዎ።"

"አፏን ከፍታ? የወለቀ ጥርሷ ሁሉ እየታየ?"

"አዎ።"

"ነገ ፌስቡክ ላይ 'ጌታን ተቀበለች' ብላችሁ ልትለጥፏት! ወላሂ እሰብረዋለሁ!"

ስልኩን ድንጋዩ ደረጃ ላይ ሊፈጠፍጠው ከፍ አደረገ። የሁሉም ሰው ፎቶ እዚያ ውስጥ ነው፣ ሌላ ቦታ ገና አልተገለበጠም። ትዕግስት ፊቷ አመድ መሰለ።

"አትስበረው። የሳቸውን አጠፋዋለሁ።"

ጆሮዋ ስር ገባሁ። "ትዕጊ፣ ፋራ አትሁኚ። አጥፊውና በኋላ ከመጣያው ትመልሽዋለሽ። እሱ የት ያውቃል?"

ገላምጣኝ ሄደች። አጠገቡ ቆማ የእማ ሳሌሃን ፎቶዎች አንድ በአንድ አጠፋች። እፎይ ልል ስል ምን ብትለው ጥሩ ነው? "ገና ነው። የጠፋ ፎቶ እዚህ ይቆያል።" መጣያውን ከፍታ ሰጠችው። "አንተው ጨርሰው።"

ጸጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝም። ጀማሉም ይህን አልጠበቀም፤ ጣቱ ስልኩ ላይ ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ ተጫነው።

ትዕግስት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ለነገሩ ብታለቅስ ይሻል ነበር።

እማ ሳሌሃ ተጉመጥምጠው ተፉ፣ በሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ።

"ጨረስክ?"

"እማ፣ እነሱ እኮ..."

"ዝም በል! አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዘይቱንም አሽትቼ፣ ምን ልታደርጊበት ነው ብዬ ጠይቄ ነው የተቀመጥኩት። ሕፃን ነኝ? እሷ አፌን ለአስተማሪዋ ብቻ ልታሳይ ነበር። አንተ ለሰፈር አሳየኸው!"

ጀማሉ አንገቱን ደፋ። በሩ ላይ ያሉትም ወዲያ ወዲህ ማየት ጀመሩ።

"እኔ ጉሮሮዬ ተልጧል፣ ደግሜ አልቀመጥም። መስቃንኛ ማን አስተማረህ?"

"አንቺ።"

"እንግዲያው ተቀመጥ።"

"እማ፣ ሰው እያየ..."

"እኔንስ አላየኝም?"

"ሳይፈልግ አላነሳውም" አለች ትዕግስት ከተቀመጠችበት። በዚያች ሰዓት አንገቷን ባንቃት ደስ ባለኝ።

ጀማሉ ጠርሙሱን አነሳ። አሸተተ። ጣቱ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ።

"ፊቴ ይታያል?"

"ላንቃህ ብቻ።"

ሄዶ በሩን ፋንቱ አፍንጫ ላይ ዘጋውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ምላሱን አወጣ። ብሩሹን ከሰሉ ውስጥ ከሚገባው በላይ ነከርኩት።

"ጣቴን ብትነክሰኝ ግን ግንባርህንም ነው የምቀባልህ" አልኩት።

ምላሱ ውጭ ስለሆነ መልስ መስጠት አልቻለም፤ በዓይኑ ብቻ ገረፈኝ። እማ ሳሌሃ ከት ብለው ሳቁ። ትዕግስት ስልኩን አነሳች።

"በል" አለችው፣ "አንድ ቃል ብቻ።"