የፀጉር አስተካካዩ ክንድ

«ነርሷ የአባባን ክንድ አየችና ቋቁቻ ነው ወይ አለችኝ» አለች ታላቂቱ፣ እንግዶቹ የጠጡባቸውን የሻይ ብርጭቆዎች እየሰበሰበች። «በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል ሳቄ መጣ። ምን ብዬ ላስረዳት?»

ታናሺቱ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። አባት በተቀበረ በማግስቱ ፈገግ ማለት ምን ይባላል? ግን ያንን ክንድ ከሷ በላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ግራ ክንዱ ላይ፣ ከአንጓው ከፍ ብሎ፣ የልጅ መዳፍ የምታህል ፀጉር አልባ ቦታ ነበረች። ሰውየው አርባ ዓመት ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ሲኖር የሳለውን ምላጭ ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው እዚያች ቦታ ላይ ነው። «የሰው ጉሮሮ መሞከሪያ አይደለም» ይል ነበር።

«የገረመኝ ግን» አለች ታላቂቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቦታዋ ገና ሰሞኑን የተላጨች ነበረች። እጁ እየተንቀጠቀጠ ደንበኛ መላጨት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለማን ብሎ ነው የሚስለው?»

ታናሺቱ ሦስት ዓመት ሙሉ የአባቷን ደጅ አልረገጠችም። የመጣችው ለቀብሩ ነው። ከግድግዳው ሥር የተቀመጡት ሁለት አሮጊቶችም ይህንኑ እያወሩ ነበር። «አኩርፋው የሄደችው ይቺ ናት?» «እሷው ናት። እሱም ግትር፣ እሷም ግትር።» በሹክሹክታ መሆኑ ነው፤ ግን ጆሮው የከበደ ሰው ሹክሹክታ ጓዳ ድረስ ይሰማል።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው መጣ። ሱቁ ከሟቹ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ሁለቱ ሰዎች ደግሞ ከግድግዳው በቀር ያልተጋሩት ነገር አልነበረም። ጓደኛው ከታመመ ወዲህ ጢሙን አልተላጨም። የሟቹን ሱቅ ቁልፍ ታናሺቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሱቁ ነገ ባዶ ይሆናል። ዕቃው ከመነሳቱ በፊት በሱ ምላጭ ላጪኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

«አንቺ እኮ ምን? ሙያሽ አይደለም እንዴ?»

«የኔ አንዴ ተላጭተው የሚጥሉት ምላጭ ነው። የአባባን ምላጭ መሳል አልችልም። ራሱ ነግሮኛል፤ እርስዎም ነበሩ።»

ልብስ ሰፊው ጢሙን አከከ። ነበረ። ከሦስት ዓመት በፊት አባትና ልጅ ሲጣሉ ወንበሩ ላይ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ የተቀመጠው እሱ ነበር።

አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «ቶሎቶሎ» እያለ ነው የሚጠራት። ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ፤ ተረቱን እሷ ላይ አሳጥሮት ቀረ። ጠረጴዛው ላይ ሻካራውንና ልስልሱን ድንጋይ ጎን ለጎን አድርጎ፣ ውሃ ጠብ አድርጎባቸው ያስተምራታል። ምላጩ ድንጋዩ ላይ ይተኛል፤ ጀርባውም ስለቱም እኩል ይነካሉ። ስለቱ ከፊት ሆኖ ይገፋል፣ ጫፍ ሲደርስ በጀርባው ይገለበጣል፣ ይመለሳል። «አትጫኚው። ምላጩ ራሱ ይከብዳል፤ አንቺ መንገድ ብቻ አሳዪው።» ስትጨርስ እጀታውን ወደሱ አዙራ ትዘረጋለታለች። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱ ላይ ይሞክራል። ፀጉሩ ከረገፈ «ደህና» ይላል። ሙገሳው ይኸው ነው፤ እሷ ግን በዚያች አንድ ቃል ሳምንት ትከርምባት ነበር።

ካደገች በኋላ ከሌሎች አስተካካዮች አንድ ዘዴ ለመደች። የምላጩ ጀርባ በድንጋዩ እንዳይበላ ጥቁር ናስትሮ ይለጠፍበታል፤ ያ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበት ነው። እሷም የራሷን ምላጭ እንዲያ አድርጋ ሳለች። አባቷ ሲያይ ደሙ ፈላ። «ናስትሮ የሚለጥፍ እጁን ያላመነ ሰው ነው!» ልጦ ጣለው፤ ምላጩን ራሱ ድንጋዩ ላይ ሠላሳ ጊዜ አመላለሰው። ክንዱ ላይ ሞከረ። አንዲት ፀጉር አልወደቀችም።

«አየሽ? ገድለሽዋል። እጅሽ ከባድ ነው፤ ለምላጭ አልተፈጠርሽም» አለ፣ ልብስ ሰፊው እየሰማ። ምላጩን በእጇ አልሰጣትም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጥላው ወጣች። ከስድቡ ይልቅ ያ ማስቀመጡ ነበር ያንገበገባት።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከፈተች። አየሩ ሳሙናና የቆየ ቆዳ ይሸታል። የአባቷ ባለ ቀንድ እጀታ ምላጭ በሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁጭ ብሏል፤ በጣቷ ስትነካው ስለቱ ትንሽ ደንዟል። ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ ወጥቶ ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረ። እሷ በልቧ ቆርጣለች፦ ይህ ምላጭ በእጇ ስለት ካወጣ ይዛው ትሄዳለች፤ ካላወጣ አባቷ እውነቱን ነው፣ ምላጩን ለልብስ ሰፊው ማስታወሻ እንዲሆነው ትታለት ሁለተኛ አትመለስም።

ውሃ ጠብ አደረገች። አልተጫነችም፣ አልቸኮለችም፣ ልክ እንዳስተማራት። ሠላሳ ጊዜ። ከራሷ አንድ ፀጉር ነቅላ ስለቱ ላይ አስነካችው፤ ፀጉሩ ጎበጠ እንጂ አልተቆረጠም። እንደገና ሠላሳ። አሁንም ጎበጠ።

«በቃ፣ ጋሼ። እውነቱን ነበር።»

«ኧረ ባክሽ አትቸኩዪ! ሲጨንቀው ምን ነበር የሚያደርገው?»

ሲጨንቀው ስለቱን ቀለም ይቀባ ነበር፤ ቀለሙ የት እንደሚነሳ አይቶ ድንጋዩ የቱን እንደሚነካ ያውቃል። ልብስ ሰፊው ከኪሱ ማርከር አውጥቶ አቀበላት። ቀባች፣ አራት ጊዜ ብቻ አመላለሰች፣ ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

ቀለሙ ከስለቱ ኋላ ተጠርጎ ተነስቷል። ስለቱ ጫፍ ላይ ግን ክር የምታህል ጥቁር መስመር ሳትነካ ቀርታለች። ድንጋዩ ስለቱ ጋ አልደረሰም። ምላጩ ሲሳል የኖረው ጀርባው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ማለት ነው።

ጣቷን በጀርባው ላይ አሳለፈችው። ሙጫ አለው፤ ያዝ ያዝ ያደርጋል።

«ጋሼ» አለች፣ ድምጿ ሌላ ሰው መስሎ፣ «አባባ ናስትሮ ነበረው?»

«ናስትሮ? የኔን ወስዶ ቀረ እንጂ! አምና ነው። ምን ያደርግልሃል ስለው ሽቦ ተበጠሰብኝ አለኝ። እዚህ ቤት ከአንድ አምፖል በቀር ሽቦ ያለው ነገር የት አለና?» ልብስ ሰፊው ሊስቅ ብሎ ተወው። «ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ሲስል እሰማዋለሁ። ድንጋዩ ላይ እኮ እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር። ለማን ነው ብለው 'የሚመጣ ሰው አለ' አለኝ። እኔ ሞቱን ያወራ መስሎኝ ሟርተኛ ብዬ ሰደብኩት።»

ሳጥኑን ገለበጠችው። ከጨርቁ ሥር ጥቁሩ ናስትሮ ሊያልቅ የደረሰ ጥቅል ሆኖ ወደቀ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። በናስትሮ የተሳለ ምላጭ ያለ ናስትሮ ስለት አያወጣም። አባቷ ያን ቀን የሷን ምላጭ ልጦ ሲስል ያልሠራለት እጇ ከብዶ አልነበረም። በኋላ፣ ብቻውን ሆኖ፣ ደርሶበታል። ይቅርታ ማለት የማያውቅ ሰው ነውና የአርባ ዓመት ምላጩን አንስቶ ለሷ እጅ እንደሚመች አድርጎ ሳለው፤ እንዳይደነዝ እየጠበቀ፣ በየሳምንቱ ክንዱን እየላጨ። መንገዱ ግን አንድ አውቶቡስ ነበር። እሱም አልተሳፈረ፣ እሷም አልተሳፈረች።

አለቀሰች። መቃብሩ ላይ እንቢ ያላት ለቅሶ እዚህ፣ በእርጥብ ድንጋይ ፊት፣ እየጎተተ መጣ። ልብስ ሰፊው ፎጣውን ከአንገቱ ፈትቶ አቀበላትና ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ። መስታወቱ ውስጥም እሷው ነበረች፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ሲበርድላት ከናስትሮው አንድ ቁራጭ ቆርጣ ጀርባው ላይ ለጠፈች። ልስልሱ ድንጋይ ላይ አመላለሰችው። ድምፁ ወዲያው ተለወጠ፤ ስለቱ ውሃውን ከፊቱ እየገፋ ይሄድ ጀመር። ናስትሮውን አነሳች፣ ከወንበሩ ጎን በተንጠለጠለው የምላጭ ማለስለሻ ቆዳ ላይ አባበሰችው።

ከዚያም ሳታስበው እጀታውን አዙራ ወደ መስኮቱ፣ እሱ ሁልጊዜ ይቆምበት ወደነበረው ቦታ፣ ዘረጋችው።

እጇ እንደተዘረጋ ቆየ።

ቀስ ብላ ሰበሰበችው። የጥቁር ቀሚሷን የግራ እጅጌ እስከ ክርኗ ጠቀለለች፣ ከአንጓዋ ከፍ አድርጋ ምላጩን በስሱ አሳለፈችው። ፀጉሩ ድምፅ ሳያሰማ ረገፈ።

«ደህና» አለች፤ የረገፈውንም ከክንዷ ላይ እፍ አለችው።