በራሷ ጎማ

እሑድ፣ የካቲት 15 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የሸኪብ ዲኤክስ ኮሮላ ቱሉ ዲምቱ፣ መነሻው መስመር ላይ ቆማ ነበር። ሰዓቱን የማውቀው ውድድሩን ያዘጋጀው ማኅበር ሰው በድምፅ ማጉያ ስለተናገረው ነው። ቀኑን የማልረሳው ደግሞ የዐቢይ ጾም ቅበላ ስለነበር ነው። ግማሹ ተመልካች ቶሎ ጨርሱልንና ወደ ሥጋችን እንሂድ የሚል ፊት ነበረው።

ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ የተደረደረበት ቦታ ያኔ ጤፍ የታጨደበት ሜዳ ነው። በመሀሉ አዲስ አስፋልት ፈሶ ገና ለመኪና አልተከፈተም። የመኪና ስፖርት ማኅበሩ ለአንድ ቀን አስፈቅዶ አራት መቶ ሜትር በኖራ አስመረበት። ሁለት ሁለት መኪና ይለቀቃል፤ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል።

ሸኪብ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጠራኝ።

"ሳህሌ፣ ጎማዎቹን አየሃቸው?"

"ሦስቴ።"

"አራተኛ እያቸው።"

እኔ ጎሚስታ ነኝ። አቃቂ፣ ከነሸኪብ ግቢ በር ሃያ እርምጃ ርቃ ባለች ቤት ጎማ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። እሱ ከጎኔ ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ ሞተር ይሠራ ነበር። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ቀዳዳ ስለነበረው መፍቻ የምንዋዋሰው በዚያ በኩል ነው። ቀዳዳውን እስካሁን አልደፈንኩትም።

በዚያ ጠዋት ለውርርድ የቀረበው ነገር ከዋንጫ የበለጠ ነበር። ዲኤክሷ የአባቱ ናት። አባቱ ከወሎ መጥተው አቃቂ የሰፈሩ፣ ሠላሳ ዓመት የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና የተመላለሱ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሲያርፉ ወንድማቸው ጋሽ ሙሀመድሁሴን ሸኪብን በራሳቸው ከባድ መኪና ላይ ሊያሳፍሩት ነጋ ጠባ ይመጡ ጀመር። ሸኪብ አይሆንም ይላል። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

"አባቴ በመጣ ቁጥር እንደ እንግዳ ዶሮ ይታረድለት ነበር" አለኝ። "እኔ ቤቴ ውስጥ እንግዳ መሆን አልፈልግም።"

ዲኤክሷን ለውድድር እያዘጋጀ መሆኑን ጋሽ ሙሀመድሁሴን የሰሙ ዕለት ግቢው በጩኸት ተናወጠ። "የወንድሜን መኪና ሊያፈነዳት ነው! ልጁ ሥራ ቢኖረው እንዲህ አይጫወትም ነበር!" የሸኪብ እናት እማማ ዙለይኻ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እስኪጨርሱ ጠበቁና ፈረዱ።

"በቃ ስማ። ልጁ ያሰበውን ይሥራ። ዲኤክሷ ከውድድሩ ተመልሳ በራሷ ጎማ ይቺን በር ከገባች ልጄ እዚሁ ጋራዡ ይቀመጣል፤ ዳግመኛ ጅቡቲ የሚል ቃል እንዳታነሳበት። ካልገባች በነጋታው ካንተ ጋር ይሳፈር።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ!"

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ሞተሯ ላይ የሚጨመረው ዕቃ ላይ ወደቀ። ሱፐርቻርጀር ይሉታል፤ ከሞተሩ በቺንጋ እየተሽከረከረ አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ማሽን ነው። የሸኪብ አባት ይሉት የነበረ ነገር አለ፦ አዋሽ ሲወርዱ መኪናው ይፈታታል፣ ጅቡቲ ሲደርሱ ወጣት ይሆናል፣ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ያረጃል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሸኪብ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞታል። "ተራራው የወሰደባትን አየር ነው የምመልስላት፤ ሌላ ምንም አልጨምርባትም" ይል ነበር።

ከሳሪስ አቦ ኢንተርኔት ቤት ያሳተምናቸውን ወረቀቶች አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠን ስናነብ ዓይነቱ ሦስት ሆኖ አገኘነው። የእንግሊዝኛ ስማቸው ምላስ ስለሚያስር የራሳችንን አወጣንላቸው። አንደኛው ሁለት ሳይነካኩ የሚሽከረከሩ ጥርሶች አሉት፤ ሆዱን ሲያዩት የልኳንዳ ሥጋ መፍጫ ነው። እግር ገና ነዳጅ ሲነካ ጀምሮ አየር ይሰጣል፤ ግን ይግላል፣ መጨረሻ ላይም ይደክማል። ሁለተኛው እንደ ሁለት ትልልቅ ብሎን የተጠላለፈ ነው። ከሁሉ የተሻለ እሱ ነበር፤ እሱን የሚገዛ ሰው ግን ዲኤክስ አይነዳም። ሦስተኛው ቀንድ አውጣ ነው፤ ቅርፁ ቁርጥ እሱን። ሲጀምር ያዛጋል፤ ሞተሩ በጮኸ ቁጥር ይበረታል፤ ከላይ ከደረሰ የሚይዘው የለም።

ብሎኑን ባንድ ቀን ጣልነው። በሥጋ መፍጫውና በቀንድ አውጣው ግን ሁለት ወር ተጨቃጨቅን።

"አራት መቶ ሜትር እኮ ነው። ቀንድ አውጣ ነው የሚያሸንፈው" ይላል ሸኪብ።

"አራት መቶ ሜትሩ ሃያ ሰከንድ አይሞላም። ማክሰኞ ማክሰኞ እናትህን ሐኪም ቤት የምትወስደው በምንድን ነው? የአቃቂ ሰው የሚኖረው በሁለተኛ ማርሽ ነው።"

"አንተ ጎሚስታ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ሞተር ያወቅከው?"

"እዚህ ሰፈር አየር የምሸጠው እኔ ነኝ!"

ይስቃል። ሲስቅ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር ያደርግ ነበር፤ የሚያዳምጠው ሞተር ያለ ይመስል።

ዕቃውን የምታፈላልግልን እህቱ ነጅላ ነበረች፤ ሻርጃ ትሠራለች፣ እዚያ ያረጀ መኪና የሚፈታበት ሰፈር አለ። መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መርሴዲሶቹ ጀርባቸው ላይ ኮምፕሬሰር የሚል ስላለባቸው እኛም ሱፐርቻርጀርን ኮምፕሬሰር ነበር የምንለው። እናም "የኮሮላ ኮምፕሬሰር ፈልጊልን" ብዬ ላክሁ። በመንገደኛ የመጣውን ካርቶን ስንከፍተው የኮሮላ ኤሲ ኮምፕሬሰር ሆኖ ቁጭ አለ።

ሸኪብ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠ። እማማ ዙለይኻ መጥተው ካርቶኑን አዩት።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መኪና ውስጥ የሚያቀዘቅዝ ነው፣ እማማ" አልኳቸው።

"አቃቂ ላይ? ቅዝቃዜ ጎደለብን?"

በሁለተኛው ጊዜ ሸኪብ ሥዕል ሥሎ ላከላት። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነጅላ ከዕቃው ፊት ቆማ ደወለች። ካርዷ እያለቀ ነው።

"ሁለቱም አለ! ሥጋ መፍጫ የሚመስለውም፣ ቀንድ አውጣውም። ሰውዬው ሊዘጋ ነው፤ ቶሎ በሉ፣ የቱን?"

ሸኪብ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ ግቢው ዞረ። ሁለት ወር ሲከራከር የከረመ ሰው መምረጥ አቃተው። ዓይኑ የእናቱ በር ላይ ነበር።

"ሸኪብ! እየሰማኸኝ ነው?"

ስልኩን ነጠቅኩት። "ነጅላዬ፣ ሥጋ መፍጫውን!" ብዬ ጮህኩ። ተቋረጠ። መስማት አለመስማቷን ሳናውቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠበቅን። ሸኪብ ግን አልተቆጣም፤ "እንኳን ነጠቅከኝ" ብቻ ነው ያለኝ።

ሥጋ መፍጫው መጣ። ቺንጋው የሚያዞረው የፊት ፑሌጃው ግን የለም፤ ፈትተው ሸጠውታል። ያኔ ሸኪብ ጥግ የተጣለውን የኤሲ ኮምፕሬሰር አየ። የኤሲው ፑሌጃ ማግኔት አለው፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይይዛል፣ ሲያጣ ይለቃል። አስጠርቦ ገጠመው። ከሾፌሩ ፊት የቤት መብራት ማብሪያ ሰቀለለት። ለእናቱ ያጠፋዋል፣ ለውድድር ያበራዋል። ቺንጋው ከወፍጮ ቤት የተገኘ ነበር። በዚያ ስህተቴ እንደዚያ ሳምንት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ወደ ቱሉ ዲምቱ ልመለስ። ከጎናችን የቆመው ዱጉማ ነበር፤ የሳሪስ ልጅ፣ ጥቁር ቢኤምደብልዩ። ሸኪብ ማብሪያውን ለሙከራ ነካ ሲያደርገው ከኮፈኑ ሥር የወጣውን የዲኤክሷን ፉጨት ሰምቶ አንገቱን አወጣ።

"ሸኪብ! ሥጋ መፍጫህን ዛሬ ተጠቀምበት፣ ከነገ ጀምሮ ጾም ነው!"

"ያንተን ቢኤም ከትፌ ነው የምይዘው ጾሙን!"

"አንተ ደግሞ ምን አገባህ በኛ ጾም?"

ባንዲራው ወረደ። ሸኪብ ማብሪያውን ሲጫን ከመስመሩ ሆኜ አየሁት። ዲኤክሷ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ወጣች። ያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ፤ ፉጨት ነው፣ ግን ከደረት የሚወጣ። መቶ ሜትር ላይ ሁለት መኪና ያህል ቀድማለች፤ ሁለት መቶ ላይም ያው። ሰው ሥጋውን ረሳ። ሦስት መቶ ላይ "ጧ!" የሚል ሰማን። ከኮፈኑ ነጭ እንፋሎት ወጣ፣ ዱጉማ አልፏት ሄደ። ሸኪብ ወዲያው ሞተሩን አጠፋው፤ በዝምታ ተንሸራትታ ሁለተኛ ገባች።

ቺንጋው ተበጥሶ ማራገቢያው ላይ ተጠምጥሟል፤ ማራገቢያው ራዲያተሩን በልቶታል። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተርፏል። ራዲያተሩ ግን ወንፊት ሆኗል፤ በሞተሯ የምትሄድበት መንገድ የለም።

ጋሽ ሙሀመድሁሴን አይሱዙ ይዘው መጥተው ነበር፤ አስበውበት ነው። ወዛደሮቻቸውን ጠሩ።

"ጫኗት!"

ሸኪብ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። "በቃ ሳህሌ። ነገ እሳፈራለሁ።"

"እናትህ ምን ነበር ያሉት? ቃሉን በል።"

"በራሷ ጎማ በሩን ከገባች..."

"በሞተሯ አሉ?"

ቀና ብሎ አየኝ። አንገቱ ወደ ግራ ሰበር አለ። "አላለችም።"

"ተነስ እንግፋ።"

"ይሄ ማጭበርበር ነው!" አሉ ጋሽ ሙሀመድሁሴን።

"ጋሼ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይከተሉን። እማማ ይፍረዱ።"

"እከተላለሁ! መንገድ ላይ ስትዘረጉ የሚያነሳችሁ ሰው ያስፈልጋል!"

ኮቱን አውልቆ መጀመሪያ የመጣው ዱጉማ ነው፤ አሸናፊው። ቁልቁለቱን ራሷ ወረደችው፤ ሜዳው ላይ ስድስት ሆነን ገፋናት፤ ዳገቱ ጋ ስንደርስ ግን ትንፋሻችን አለቀ። ሸኪብ እያለከለከ "አየኸው ስሱን አየር?" አለኝ። የቅበላ ሥጋ ይዘው የሚመለሱ ሰዎች ሲያዩን እየሳቁ ገቡበት። አንዱ ፌስታሉን ስፖኪዮው ላይ ሰቅሎ ገፋ፤ ሌላው ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ። ጋሽ ሙሀመድሁሴን መጀመሪያ በመስኮት እየሳቁብን ነበር። ዋናው አስፋልት ላይ ስንወጣ ግን ሳቃቸውን ትተው አይሱዙውን ከኋላችን አግድም ይዘው፣ መብራት እያብለጨለጩ፣ መኪና እንዳይገጨን መንገድ ዘጉልን። ይህንን እሳቸው ሲሞቱ ለቀስተኛው መሀል ተናግሬዋለሁ።

ለበሩ ሃያ እርምጃ ሲቀር የፊት ግራ ጎማ ሚስማር ላይ ወጣና ተንፍሶ ተቀመጠ። ልክ የኔ ቤት ፊት ለፊት። ጋሽ ሙሀመድሁሴን ዘለው ወረዱ።

"ይኸው! በጎማዋ አትገባም፤ በቸርኬዋ ብረት ነው የምትገባው! ቃል ቃል ነው!"

ሮጬ ቤቴን ከፈትኩ። መብራት የለም፤ በዚያ ዓመት ቀን ቆጥሮ ነበር የሚመጣው። ጎማ የምነፋበት የኔ ኮምፕሬሰር፣ እውነተኛው ኮምፕሬሰር፣ ሆዱ ውስጥ ከቅዳሜ የተረፈ አየር ነበረው። የአየሩን ቱቦ እስከ መንገዱ ጎተትኩ፤ ደረሰ። ሚስማሩን ሳልነቅል ነፋሁት። አየሩ ሲያልቅ ዲኤክሷ ቀና ብላ ቆመች፤ ግን እስስስ ትላለች።

እማማ ዙለይኻ በሩ ላይ ወጥተው ነበር። ጋሽ ሙሀመድሁሴን ሁሉንም ነገሯቸው፤ ሐሰት አልጨመሩም። እማማ ወደ መኪናዋ ቀረቡ።

"ጎማው የማን ነው?"

"የራሷ ነው እማማ፤ ጠዋት ይዛው የወጣችው" አልኩ።

ጎንበስ ብለው አዳመጡት፤ እስስስ። ከዚያ ዙሪያውን የቆምነውን ሁሉ አዩን፤ ላብ በላብ የሆነውን ዱጉማን፣ ስፖኪዮው ላይ የተሰቀለውን ሥጋ፣ ልጃቸውን።

"ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉ። "ሳይተነፍስ አስገቧት እንጂ!"

እልል ተባለ። ገፍተን አስገባናት። የኋላ ጎማዋ የበሩን ድንጋይ እንዳለፈ የፊቱ ጨርሶ ተኛ።

ጋሽ ሙሀመድሁሴን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዙለይኻ፣ አንቺ ዳኛ መሆን ነበረብሽ።"

"ነኝ እኮ።"

ሸኪብ ሌላ ውድድር አልሄደም። ራዲያተሯን ሠራ፣ ደኅና ቺንጋ ገዛ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እናቱን አመላለሰ። አንዳንዴ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ፣ ከድልድዩ ወዲህ ያለው ዳገት ላይ፣ እማማ ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ማብሪያውን ይጫኑታል አሉ። ፉጨቱን ስሰማ መጡ እላለሁ።

ስምንት ዓመት ከስምንት ወር ከግድግዳው ወዲያ ሠራ። በጉበት ሕመም ያረፈው ጥቅምት 2010 ነው፤ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ በገዛ አልጋው ላይ። ቀብሩ ላይ ዱጉማ ነበር። ነጅላ ሳትደርስ ቀረች።

እማማ ዙለይኻ ዲኤክሷን በሚያዝያ 2011 ገላን ኮንዶሚኒየም ለሚኖር መምህር ሸጧት። ሥጋ መፍጫውን እኔ ፈትቼ አስቀረሁት፤ ማብሪያው ግን ገዢው እንዳለ ይሁን ስላለ ሳይነቀል ቀረ።