ዜሮ የተሰጠው ገጽ

ብሩክታይት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ የሞጣ ልጅ፣ ቁጣዋ ቅርብ፣ ሳቋም ቅርብ። ብቸና ላይ አራተኛ ክፍል ሲሰጧት ሃምሳ ስምንት ተማሪ ተረከበች። ሃምሳ ዘጠነኛዋ ንጋት፣ በኅዳር ከእናቷ ጋር ከወለጋ መጥታ ዘመድ ቤት የተጠጋች ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ መመለሱ ግን ይተናነቃታል። ፊደል ብትጠየቅማ “ሀ”ን እንኳ አትለይም። ዳይሬክተሩ ወደ አንደኛ ክፍል ሊያወርዳት ወረቀት አዘጋጅቶ፣ የቀረው የብሩክታይት ፊርማ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ልትቀመጥ ነው።

ብሩክታይት መፈረሙ የሚከብዳት አልሆነም፤ ዓርብ እፈርማለሁ ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረችው። ማክሰኞ ዕለት ስለ ቤተሰባችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ ብላ ስታዝ፣ ንጋት ገጹን ጢም አድርጋ አመጣች። ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ግን የለበትም። ብሩክታይት ጮክ ብላ ለክፍሉ አነበበችው፤ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፣ እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ በቀይ ዜሮ ጻፈችበት።

ዓርብ ጠዋት ንጋት ያንኑ ደብተር መልሳ አምጥታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። ብሩክታይት ከዜሮው ገጽ ወዲያ አልገለጠችውም። የትል መድኃኒት ሊያድል የመጣ ሞቱማ የሚባል የነቀምት ልጅ፣ ነርስ ነው፣ መምህራን ክፍል ተቀምጦ ነበርና ለጨዋታ ያህል ዜሮውን ገጽ አሳየችው። ሞቱማ አልሳቀም።

“ኦሮምኛ እኮ ነው” አላት። “አንድ ስሕተት የለበትም።”

ብሩክታይት ክው አለች። እነዚያን ፊደላት ዕድሜዋን ሙሉ የእንግሊዝኛ ብቻ አድርጋ ነበር የምታያቸው። በወለጋ ልጆች በነሱ እንደሚማሩ ሰምታለች፤ አስባው ግን አታውቅም። ምን እንደሚል ጠየቀችው።

“‘አባቴ አስተማሪ ነበር። መጻፍ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከሞተ ወዲህ የምጽፈውን የሚያነብልኝ አጣሁ። ቲቸር፣ እርስዎ ግን ያነቡልኛል።’ ይላል።”

ማንበቡንስ አንብባለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያን ሳቅ ማን ይመልሰዋል? እፍረት ፊቷን አጋለው። የዳይሬክተሩን ወረቀት ለሁለት ቀደደችና ልጅቱን ልትጠራ ተነሣች። ሞቱማ ግን ገጹን ገልጦ “ቆዪ” አላት።

በሚቀጥለው ገጽ ያው ጽሑፍ ነበር። በሚቀጥለውም። በየገጹ ፊደሉ እየጠራ፣ መስመሩ እየተስተካከለ ሄዷል። ንጋት ዜሮ ያገኘችው የእጅ ጽሕፈቷ ስላላማረ መስሏታል። አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ ለአስተማሪዋ ቀይ እስክሪብቶ የሚሆን ቦታ በማስመሪያ ከልላ ትታለች።